የእናቴ ክፍል ኤሲ፦ ከመምረጥ እስከ መግጠም (የሥራ ማስታወሻ ከድሬዳዋ)

ሚያዝያ፣ መግቢያው ላይ

ድሬዳዋ ላይ ዋናው ሙቀት ግንቦትና ሰኔ ነው። ቀን ላይ 35 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። ሌሊት እንቅልፍ ካጣች ቀኑን ሙሉ ድክም ብላ ነው የምትውለው። ቬንትሌተሩ አልበቃትም። ቬንትሌተር ያለውን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያበርድም። ክፍሉ 34 ዲግሪ ከሆነ የሚነፍሰውም 34 ዲግሪ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ መኝታ ክፍሏ የመስኮት ኤሲ ይገባለታል። ብየዳውን በያጅ ይሠራል። የመብራት መስመሩን ከጎረቤታችን ከጋሼ ጋር እንዘረጋለን፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ ኤሌክትሪሻን ነው። ሌላው በእኔ እጅ ነው። እየሠራሁ እጽፋለሁ።

ሱቅ ከመሄዴ በፊት ግን ክፍሉን ማወቅ አለብኝ። ኤሲ ብርድ አያመርትም። የሚያደርገው በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሙቀት እየለቀመ ወደ ውጭ መጣል ነው። ሙቀቱ ከየት እንደሚገባ ሳላውቅ የማሽኑን መጠን መገመት ገንዘብ መበተን ነው።

በዚያው ሳምንት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ክፍሉ 4 ሜትር በ3.5 ሜትር ነው፤ 14 ካሬ። ከፍታው 2.80። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ። ሁለት ቴርሞሜትር ሰቀልኩ፤ አንዱን ከአልጋው ጎን፣ አንዱን ከኮርኒሱ ሥር። ታች ያለው 33 አለ። ላይ ያለው 38።

ይቺ የ5 ዲግሪ ልዩነት ሁሉንም ነገር ተናገረች። ሙቀቱ በበር በመስኮት ከሚገባው ይልቅ ከላይ የሚወርደው ይበልጣል። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ይጋላል፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል ያለው አየር ይፈላል፣ ኮርኒሱ ሞቆ ሙቀቱን ወደ አልጋው ይለቃል። እናቴ «ጣሪያው ነው የሚያቃጥለኝ» የምትለው ልክ ነው።

ክፍሉ ሁለት መስኮት አለው። አንዱ በምዕራብ ወደ መንገድ፣ ሌላው በደቡብ ወደ ግቢ። ኤሲው በየትኛው ይግባ? የማሽኑ ጀርባ ሙቀቱን የሚጥልበት ስለሆነ በተቻለ መጠን ጥላ ይፈልጋል። ምዕራቡ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ይመታዋል፤ እሱ አይሆንም። ደቡቡ ግን ለድሬዳዋ ትልቅ ነገር አለው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እስከ ነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ድረስ ፀሐይ በሰሜናችን በኩል ነው የምታልፈው። እንግዲህ በሙቀቱ ወራት የደቡብ ግድግዳ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኘውም ማለት ነው። ወጥቼ አየሁት፤ ጠዋትም ከሰዓትም ጥላ ነው። ኤሲው በደቡቡ መስኮት ይገባል።

ጣሪያው ይቅደም

ከኤሲው በፊት ኮርኒሱ ላይ ወጣሁ። ብርማ ሽፋን ያለው ፎም በጥቅል ገዝቼ ከቆርቆሮው ሥር በማገሮቹ ላይ ዘረጋሁት፤ ብርማው ወደ ታች፣ ከሥሩ ባዶ አየር እንዲኖር አድርጌ። ብርማው ፊት የሚሠራው ከፊቱ ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። ኮርኒሱ ላይ ካነጠፉት አቧራው ይጠግብና ጥቅሙ ይቀንሳል። ከዚያ በሁለቱ የጣሪያ ጫፎች አየር መውጫ ከፈትኩ፤ ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ዘጋሁት። ለምዕራቡ መስኮት ከውጭ የሸራ ጥላ ሠራሁለት። መጋረጃ ፀሐይን የሚያግደው ሙቀቱ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ነው፤ ከውጭ የሚውል ጥላ ግን ከደጅ ይመልሰዋል።

ይህ ሁሉ ተደማምሮ ወጪው ከማሽኑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በበነጋው በዚያችው ሰዓት ከኮርኒሱ ሥር ያለው ቴርሞሜትር 35 አሳየ። ውጭ ያለው ሙቀት ያው ነበር።

መጠኑን ማስላት

የኤሲ ጉልበት ቢቲዩ በሚባል የሙቀት መለኪያ ይለካል። ገበያ ላይ «የአንድ ቶን ኤሲ» ሲባል 12,000 ቢቲዩ በሰዓት ማለት ነው። አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ለማቅለጥ ከሚያስፈልገው ሙቀት የመጣ ልኬት ነው። በኪሎዋት ሲቆጠር 3.5 ገደማ የሙቀት ጉልበት ይሆናል። የሚበላው መብራት ግን ይህን ያህል አይደለም፤ ለ12,000 ቢቲዩ የመስኮት ኤሲ 1,200 ዋት አካባቢ ነው።

ለሞቃት አገር በካሬ ሜትር 600 ቢቲዩ ይዤ ጀመርኩ። 14 ካሬ በ600 ሲባዛ 8,400። እናቴ አንዳንዴ የልጅ ልጅ አብሯት ይተኛል፣ ቴሌቪዥንም አለ፤ ትንሽ ጨመርኩ። 9,000 ቢቲዩ ይበቃል። ጣሪያውን ባልነካው ኖሮ 12,000 ነበር የምገዛው።

«ተለቅ ያለው ይሻላል፣ ቶሎ ያቀዘቅዛል» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። እኔ አልስማማም። ከልክ በላይ የሆነ ኤሲ ክፍሉን በደቂቃዎች ያበርድና ይቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ እንደገና ይቆማል። ብዙ መብራት የሚስበው ሲነሳ ነው። ኮምፕሬሰሩን (ጋዙን የሚጨምቀውን ሞተር) የሚጎዳውም በየጊዜው መነሳቱ ነው። ለተኛ ሰው ደግሞ ያ «ጠቅ… ሁምም» የሚለው ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ ይረብሻል። ልኩን ያገኘ ማሽን አንድ ወጥ ድምፅ ይዞ ረጅም ጊዜ ይሠራል።

ለምን የመስኮት?

ስፕሊቱን (ግማሹ ቤት ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ የሚሰቀለውን) አስቤው ነበር። ድምፁ ያነሰ ነው፣ መብራትም የተሻለ ይቆጥባል። ግን በሁለቱ አካሎቹ መሃል የመዳብ ቱቦ አለ፤ ጋዝ ከመለቀቁ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ተመጥጦ መውጣት አለበት። ፓምፕ ሳይይዝ የሚመጣ ገጣሚ ብዙ ነው። የመስኮቱ ኤሲ ጋዙ ፋብሪካ ውስጥ ተሞልቶ የታሸገ ነው። ቱቦ አይቀጠልም፣ ጋዝ አይነካም። ቤት ብንቀይር ነቅለን እንወስደዋለን።

ውሃ የሚጠቀመውን ኤር ኩለር ሰዎች መክረውኛል። ደረቅ አየር ላይ በእርግጥ ይሠራል፣ መብራቱም ኢምንት ነው። ችግሩ ውሃው ነው። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ የማንቆርቆሪያችንን ውስጥ ያየ ሰው የኩለሩ ፓድ ምን እንደሚሆን ይገባዋል። ውሃ በጠፋ ቀን ደግሞ ኩለሩ ቬንትሌተር ሆኖ ይቀራል።

ገበያ፣ ታይዋን ሰፈር

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ፣ አልቆጨኝምም። ኤሲ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ከጎኑ ወይም ከኋላው የተለጠፈው ሰሌዳ ነው። ቀለሙና ሪሞቱ በኋላ ይደርሳል።

በአንድ ሱቅ ጥሩ የሚመስል፣ ያገለገለ ግን ንጹሕ ኤሲ አየሁ። ዋጋውም ደህና ነበር። ሰሌዳውን በስልኬ መብራት አነበብኩት፦ 220 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ቮልቱ ከእኛ ጋር ይሄዳል፣ ኸርዙ (መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካው) ግን አይሄድም። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ሳውዲ አረቢያ 60 ኸርዝ ስለምትጠቀም ከዚያ የሚመጡ ያገለገሉ ማሽኖች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ሲሠራ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የሚስበው አምፔር ይጨምራል፣ ይግላል። ሥራው አይቆምም፤ ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ ተሰክቶ ሲሞከር ምንም የማይታወቀው። ዕድሜው ግን ያጥራል። ሻጩ «ይሠራል ወንድሜ፣ ስንቱ ወስዷል» አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ከአሜሪካ ዘመድ ልላክላችሁ ካላችሁ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፤ እዚያ ያለው አነስተኛ የመስኮት ኤሲ 115 ቮልት 60 ኸርዝ ነው። ሁለቱም አይገጥምም።

ሁለተኛው የማየው «ቲ1» ወይም «ቲ3» የሚለውን ነው። ቲ1 የተፈተነው ውጭው 35 ዲግሪ ሆኖ ነው፣ ቲ3 ደግሞ በ46 ዲግሪ። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩት ብዙዎቹ ቲ3 ናቸው። ለድሬዳዋ ቲ1 ይሠራል፤ ቲ3 ከተገኘ ግን ከግድግዳው የሚመለሰው ሙቀት አያስጨንቀውም።

ሦስተኛ ጋዙ። አር-22 የሚል ከሆነ አልገዛም። የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳ በመሆኑ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ያለ ጋዝ ነው፤ ነገ የሚሞላ ማግኘትም ያስቸግራል።

አራተኛው ቢቲዩውን በዋቱ ማካፈል ነው። 9,000ን በ900 ካካፈልን 10 ይመጣል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ማሽኑ ቆጣቢ ነው። ከ9 በታች ያለውን አልፌዋለሁ።

ለእናቴ ስል አምስተኛ መስፈርት ጨመርኩ፦ በእጅ የሚዞር ቁልፍ። ሪሞት ይጠፋል፣ ፊደሉም ደቃቃ ነው። የሚዞረው ቁልፍ ላይ እጇን አሳርፋ በጨለማ ታስተካክለዋለች።

በመጨረሻ የተገዛው አዲስ፣ 9,000 ቢቲዩ፣ 220 ቮልት 50 ኸርዝ፣ ቲ3፣ ሁለት ቁልፍ ያለው ነው። ወርዱ 45፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 30 ኪሎ ያህል። ቀፎው ለብቻው፣ ሆዱ ለብቻው የሚወጣ ዓይነት። ይህ ለመግጠምም ለማጠብም ትልቅ ዕረፍት ነው።

መብራቱ

ጋሼ ቴስተሩን ይዞ መጣ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር የክፍሉን ሶኬት ፈትቶ ሽቦውን ማየት ነበር። ቀጭን 1.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ፣ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) የለውም፣ ከመብራቱ ጋር ተጋርቷል። «እዚህ ላይ ኤሲ አይሰካም» አለ። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው አዲስ መስመር ሳብን፦ ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ከነኧርዙ፣ 16 አምፔር ብሬከር፣ ባለ ኧርዝ ሶኬት። ማሽኑ ሲሠራ 4 አምፔር ገደማ ነው የሚስበው። ሲነሳ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ሽቦው ሰፋ ማለት አለበት። ኤክስቴንሽን ፈጽሞ አይታሰብም። የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ቮልቱን ቀን ለካን፣ 221። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ፣ 197። ስለዚህ በሶኬቱና በኤሲው መሃል የቮልቴጅ ፕሮቴክተር ገባ። ቮልቱ ከ185 ሲወርድ ይቆርጣል። ከሁሉ በላይ የፈለግነው ግን መዘግየቱን ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ 3 ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚለቅ። ኮምፕሬሰር በቆመበት ቅጽበት በአንድ ወገኑ ከፍተኛ ግፊት፣ በሌላው ዝቅተኛ ግፊት ይኖራል። ሁለቱ ሳይመጣጠኑ ከተነሳ ሞተሩ መዞር አቅቶት ይታነቃል፣ ይግላል። የሚዞር ቁልፍ ያለው ኤሲ መብራት እንደመጣ ራሱ ስለሚነሳ፣ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ከተማ ይህቺ ትንሽ ዕቃ የግድ ናት።

ፍሬሙ

የእኛ መስኮት እንደ አሜሪካኖቹ ወደ ላይ የሚንሸራተት አይደለም። ብረት ነው፣ በማጠፊያ የሚከፈት፣ አንድ ክንፉ ቋሚ። ከቋሚው ክንፍ የታችኛውን መስታወት አወጣን። በያጁ በ40 አንግል ብረት ከቀፎው በየጎኑ 5 ሚሊ የሚሰፋ አራት ማዕዘን ሠራ። ከውጭ ደግሞ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ድጋፍ። ድጋፎቹ በቡሎን የታሰሩት ከመስኮቱ ሥር ባለው የአርማታ ማሰሪያ ላይ ነው። ባዶ ብሎኬት ላይ ፊሸር መትቶ 30 ኪሎ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ማንጠልጠል አይሆንም፤ ከሥር ሰው ያልፋል።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ጉዳይ የጎኖቹ ቀዳዳዎች ናቸው። የቀፎውን ግራና ቀኝ ብታዩ እንደ ዓሣ ስንጥብ የተሰነጠቁ መስመሮች አሉ። ማራገቢያው አየር የሚስበው በእነሱ ነው፤ ጀርባውን አቀዝቅዞ በኋላ ያስወጣዋል። ስንጥቆቹ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ከተቀበሩ ማሽኑ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ከተማው ውስጥ «ኤሲው አያቀዝቅዝም» ተብለው ጋዝ ሲሞላላቸው የምሰማቸው አንዳንዶቹ ችግራቸው ይሄ ይመስለኛል። ቀፎውን መሬት ላይ አስቀምጬ ለካሁ፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከፊት 22 ሴንቲ ላይ ነው። የመስኮቱ ብረት ከግድግዳው መሃል ላይ የተተከለ ስለሆነ ከብረቱ እስከ ውጭው ልስን ጫፍ 12 ሴንቲ አለ። ቀፎው ከብረቱ ወደ ውስጥ የሚገባው 8 ሴንቲ ብቻ እንዲሆን ወሰንን። 8 ሲደመር 12 ሃያ፤ ስንጥቁ ከግድግዳው 2 ሴንቲ አልፎ ይጀምራል። ከጀርባው እስከ ግቢው አጥር ከ2 ሜትር በላይ ነጻ ነው።

ብየዳው አልቆ አንቲረስት ተቀባ፣ ሌሊቱን ደረቀ።

መግጠም

ወንድሜና እኔ ሆዱን አውጥተን መጀመሪያ ባዶ ቀፎውን አስገባን። ቀላል ስለሆነ እንደ ልብ ይስተካከላል። ውሃ ልኩን በሁለት አቅጣጫ አስቀመጥኩ። ወደ ጎን ቀጥ ማለት አለበት። ወደ ኋላ ግን ትንሽ ይዘቅዝቅ፤ ከፊት እስከ ኋላ 8 ሚሊ ሰጠሁት። ውሃው ወደ ክፍሉ እንዳይመለስ ነው። በጣም ከዘቀዘቀም ጥሩ አይደለም። ከኋላ ያለው ማራገቢያ ጠርዙ ላይ ቀለበት አለው፤ ታች የተጠራቀመውን ውሃ እየቀዳ ትኩሱ ራዲያተር ላይ ይረጨዋል። ያ ውሃ ማሽኑን ይረዳዋል። ሁሉም ከፈሰሰ ጥቅሙ ይቀራል።

ውሃው ከየት መጣ ለሚል፦ ከክፍሉ አየር ነው። እንዲያውም ኤሲ የተፈጠረው ለእርጥበት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር በፈረንጆች 1902 የመጀመሪያውን የነደፈው ብሩክሊን ለነበረ ማተሚያ ቤት ነበር፤ ወረቀቱ በእርጥበት እየሰፋና እየጠበበ ቀለም አላስቀምጥ ብሎ። በዚያው ዓመት ነው የባቡሩ ሐዲድ እዚህ ደርሶ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው። ለጋሼ ስነግረው በጣም ደስ አለው።

በቀፎውና በአንግሉ መሃል የከባድ መኪና ካላማደሪያ ቆርጠን አነጠፍን። ብረት በብረት ላይ ካረፈ መስኮቱ ሁሉ ይንጫጫል። ከዚያ ሆዱን ሁለታችን ይዘን አንሸራተትነው። የጎን ክፍተቱን ከውስጥ በስፖንጅ ፎም፣ ከውጭ በሲሊኮን ዘጋሁ። ስንጥቆቹ አጠገብ ሲሊኮን እንዳይደርስ ተጠንቅቄ። ከላይ የተረፈውን የመስኮት ቦታ በላሜራና በመሃሉ ፎም ባለው ኮምፔርሳቶ ሞላሁት። ለሌባ ደግሞ ከውጭ ሰፋፊ ዓይን ያለው የብረት ፍርግርግ፤ ዓይኑ ከጠበበ አየሩን ያፍነዋል።

በመጨረሻ ሻማ አብርቼ በጠርዙ ዙሪያ አዞርኩ። ነበልባሉ በአንድ ጥግ ተወዛወዘ። እዚያ ላይ ተጨማሪ ፎም ገባ። የበሩን ሥርም በጎማ ዘጋሁት።

ማብራት

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ውጭ 35፣ ክፍሉ 32። ጋሼ ክላምፕ ሜትሩን አስገብቶ «በል አዙረው» አለኝ። መጀመሪያ ማራገቢያው ብቻ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣው። ሲነሳ ቮልቱ ዝቅ አለና ተመለሰ። አምፔሩ 4.2 ላይ ረጋ። ሩብ ሰዓት ጠብቀን ቴርሞሜትሩን አየር ማስገቢያው ላይ ያዝኩ፣ 31። አየር ማውጫው ላይ፣ 20። ልዩነቱ 11 ነው። ከ8 እስከ 12 ባለው ውስጥ ከሆነ ማሽኑም አገጣጠሙም ጤነኛ ነው ይላል ጋሼ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ክፍሉ 26 ገባ። እናቴ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፣ እጇን ዘርግታ ነፋሱን ሞከረች። «ፊቴ ላይ እንዳይመጣ አዙርልኝ» አለች። የአየሩን ክንፎች ወደ ላይ አነሳኋቸው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ላይ ቢላክም ራሱ ይወርዳል።

ግንቦት

ቁልፉን 26 አካባቢ በሚይዝበት ምልክት ላይ በነጭ ቀለም ነጥብ አደረግኩላት። ማታ 2 ሰዓት ታበራዋለች፣ ሊነጋጋ ሲል ታጠፋዋለች። ያልጠበቅኩት ነገር ቢኖር ከቬንትሌተሩ ጋር አብሮ ሲሠራ ያለው ጥቅም ነው። ቬንትሌተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲዞር 27 ዲግሪውም ይበቃታል፣ ኮምፕሬሰሩም ይበልጥ ያርፋል።

ቆጣሪውን ማታና ጠዋት አነበብኩ። በሌሊት ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በወር ከ150 እስከ 180 ያህል መሆኑ ነው። የቤት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር በእርከን ስለሚወደድ፣ ለእናንተ ስታሰሉ የኤሲውን ብቻ ሳይሆን ቤቱ ከዚህ በፊት ከሚበላው ጋር ደምሩት።

ወንፊቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ በአቧራ ግራጫ ሆኗል። በለብታ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ጥላ ሥር ደርቆ ተመለሰ። ከፊት በኩል «ቬንት» የምትል ትንሽ መቀርቀሪያ አለች። የውጭ አየር የምታስገባ ናት፤ ቀን ላይ ተዘግታ ትቆያለች።

የቀረው ሁለት ነገር ነው። የሐምሌ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ከኤሲው በላይ አጭር የላሜራ ክዳን፣ ከቀፎው አናት ቢያንስ 30 ሴንቲ ከፍ ብሎ፣ አየሩን ሳይከለክል። ሁለተኛው ደግሞ አየሩ ሲረጥብ የሚፈሰው ውሃ ስለሚጨምር፣ ከማፍሰሻው ጀምሮ እስከ ሎሚው ዛፍ ሥር የሚደርስ ጎማ። ጎማውን ገዝቻለሁ። ላሜራውን በያጁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጥሮኛል።